የአካባቢ ፍትሕ ድጋፍ ምንድን ነው?

ከከተማ በታች ያለ ቀበሌ የከተማውን እጣቢ ይቀበላል። ወንዙ ከላይ የፋብሪካ ፍሳሽ፣ የቄራ ደም፣ የመኪና ማጠቢያ ዘይት ይዞ ይወርዳል፤ ከታች ያለው ሰው ከብቱን ያጠጣበታል፣ ልብሱን ያጥብበታል፣ ሽንኩርቱንም ያለማበታል። ደመወዙን የሚያገኘው ሌላ፣ ግብሩን የሚሰበስበው ሌላ፣ ተቅማጥ የሚይዘው ልጅ ግን የታችኛው ነው። ጥቅምና ጉዳት እንዲህ ለተለያየ ሰው ሲከፋፈል፣ ጉዳቱም ሁልጊዜ ሰሚ ወደሌለው ወገን ሲያደላ የአካባቢ ኢፍትሐዊነት ይባላል።

የአካባቢ ፍትሕ ድጋፍ ደግሞ መንግሥት ወይም ዓለም አቀፍ ተቋም እንዲህ ለተጎዳ ማኅበረሰብ የሚሰጠው ነው። ሁለት መልክ አለው። አንዱ ገንዘብ ነው፤ ብድር ሳይሆን የማይመለስ ድጎማ። ሌላው ሙያ ነው፤ ውኃ የሚመረምር፣ ጥናት አንብቦ የሚያስረዳ፣ ማመልከቻ የሚያዘጋጅ፣ ሕጉን የሚያውቅ ሰው። ይህኛው የቴክኒክ ድጋፍ ይባላል። ብዙው ሰው ዓይኑን የሚጥለው ገንዘቡ ላይ ነው። እኔ ግን ለጎጃም ገበሬ የሚቀድመው ሁለተኛው ነው እላለሁ።

ሐሳቡ በዚህ ስም የገነነው በአሜሪካ ነው። የሰሜን ካሮላይና ግዛት ፒሲቢ በሚባል መርዛማ ኬሚካል የተበከለ አፈር የሚቀብርበት ቦታ ሲፈልግ ዋረን ካውንቲን መረጠ፤ አብዛኛው ነዋሪው ጥቁርና ድሃ የሆነ ገጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 አፈሩ መምጣት ሲጀምር ሰዎቹ የጭነት መኪኖቹን ለማስቆም መንገድ ላይ ተኙ፤ ከ500 በላይ ሰው ታሰረ። አፈሩ እዚያው ተቀበረ፤ ጥያቄው ግን አገር አቀፍ ሆነ። በ1994 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ጉዳዩን እንዲያዩ የሚያዝ ትእዛዝ ፈረሙ፤ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲውም አነስተኛ ድጎማ መስጠት ጀመረ። በ2022 የወጣ ሕግ ለዚሁ ዓላማ 3 ቢሊዮን ዶላር መደበ። በ2025 መጀመሪያ የፕሬዚዳንት ትራምፕ አስተዳደር የ1994ቱን ትእዛዝ ሻረ፤ ከተፈቀዱት ድጎማዎችም ብዙዎቹ ተቋረጡ።

ከዚያ ሁሉ ታሪክ እኔን የሚይዘኝ ግን ከቢሊዮኑ ይልቅ አንድ ትንሽ ድጎማ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ በመርዛማ ቆሻሻ ክፉኛ በተበከለ ቦታ አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች ተደራጅተው ሲያመለክቱ በመጀመሪያ እስከ 50,000 ዶላር ይሰጣቸዋል። በገንዘቡ ቆሻሻ አይጠረግበትም፤ አዲስ ናሙና እንኳ አይመረመርበትም። የሚውለው ለአንድ ነገር ነው፤ ነዋሪዎቹ የራሳቸውን ባለሙያ ቀጥረው መንግሥትና ፋብሪካ የጻፉትን ወፍራም ሰነድ እንዲያስነብቡበት። ባለሙያው የሚታዘዘው ለነዋሪዎቹ ነው። ስብሰባ ላይ መሐንዲሱ ቁጥር ሲደረድር የሚመልስለት ሰው በእነሱ በኩል ተቀምጧል።

ይህ ለእኛ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለማየት አንድ አቤቱታ እንዴት እንደሚወድቅ ማየት ይበቃል። ሕዝቡ ወንዙ እንደተበላሸ ያውቃል፤ ዓሣው ጠፍቷል፣ ጥጃ ጠጥቶ ሞቷል፣ የታጠበበት ሰው ገላው ይቆጣል። ወረዳው ግን «ማስረጃ አምጡ» ይላል። አንድ ጎበዝ ወጣት በለስላሳ ጠርሙስ ውኃ ቀድቶ፣ በአውቶቡስ ተጭኖ ባሕር ዳር ይወስዳል። አይቀበሉትም፤ የማይቀበሉትም በምክንያት ነው። ናሙና የሚወሰደው ቢያንስ ከሁለት ቦታ፣ ፍሳሹ ከሚገባበት በላይና በታች ነው፤ የላይኛው ከሌለ «ውኃው ቀድሞም እንዲህ ነበር» ለሚል ሰው መልስ የለም። ለጀርም ምርመራ የሚሆነው ዕቃ አስቀድሞ ከጀርም የጸዳ መሆን አለበት። ቦታው፣ ቀኑና ሰዓቱ ይጻፍበታል፤ ከዚያ በበረዶ ሣጥን ቀዝቅዞ በ24 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። ሌሊት የሚለቀቅ ፍሳሽ ደግሞ ቀን በተቀዳ ውኃ አይያዝም። ይህን ሁሉ የሚያውቅ አንድ ሰው ከበረዶ ሣጥን ጋር ለሁለት ቀን ቢመጣ የቀበሌው እውነት ወረቀት ላይ ይሰፍራል። የቴክኒክ ድጋፍ ስል ይህን ማለቴ ነው።

በሕግ በኩል ባዶ እጃችንን አይደለንም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል፤ በመንግሥት ፕሮግራም የተፈናቀለ ወይም ኑሮው የተነካ ሰውም ተመጣጣኝ ካሳ እንደሚገባው በዚያው ሰፍሯል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የግምገማው ጥናት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ያዛል። ያው አዋጅ የተጎዳን አካባቢ ለሚያድስ ፕሮጀክት መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የገንዘብና የቴክኒክ ድጋፍ ማድረግ እንደሚችልም ይናገራል። «አቅም በፈቀደ» የምትለዋ ሐረግ ብዙ ጥያቄ ታስቀራለች። ጥናቱም ክፍት ነው ቢባል በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ብዙ ገጽ ነው፤ የሚያነብለት ላጣ ገበሬ ከተዘጋ በር አይለይም።

ጉዳዩ የብክለት ብቻ እንዳይመስል ቆጋን እንይ። ከመራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ በአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ ተሠርቶ ወደ 7,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ለማልማት የታሰበ ነው። በመስኖው ሥር ያለው ገበሬ በበጋ ስንዴና ሽንኩርት ያመርታል፤ ደግ ነገር ነው። ውኃው የተኛበት ግን የሰው እርሻና የከብት መሰማሪያ ነበር። ውኃው ለአንዱ፣ ጉዳቱ ለሌላው ደረሰ። እንዲህ ባለ ጊዜ ካሳው ሲሰላ የግጦሹ፣ የእበቱ፣ የማገዶው ዋጋ እንዲገባ የሚከራከር ባለሙያ ከገበሬው ጎን ቢኖር ስሌቱ ሌላ መልክ ይይዛል። የወል መሬት በማንም ስም ስላልተጻፈ ለመዘለል ይቀላልና።

የጮቄ ተራራም እንዲሁ ነው። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃና ሌሎችም ወንዞች ከእሱ ተነሥተው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ገደላማ ማሳው ላይ ገብስና ድንች የሚዘራው ገበሬ እርከን ሥራ፣ መሬት ከልል፣ ከብትህን እሰር ይባላል፤ ደለል ሲቀንስ የሚጠቀሙት በታች ያሉት ግድቦችና መስኖዎች ናቸው። የሚሰጠው የሙያ ድጋፍም ሁልጊዜ አይበጅም። ደንበጫ አጠገብ አንጀኒ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ነበር፤ ዝናብ በሚበዛበት በዚያ አገር ውኃ የሚቋጥር እርከን ማሳውን እንደሚያረጥበው ገበሬው ሲናገር ኖሯል። እርከኑ ለም መሬት ይይዝብናል፣ የአይጥ መራቢያም ይሆናል የሚለውም የቆየ ቅሬታ ነው። ለደረቅ አገር የሚሆነው ውኃውን የሚያስቀር ደልዳላ እርከን ነው፤ ለጎጃም ደጋ ግን ትርፉን ውኃ ወደ ፈሰስ የሚመራ፣ ትንሽ ዘንበል ያለ ይሻላል። ገበሬው ይህን ያውቃል፤ ፈሰስ ማውጣት የአባቶቹ ሙያ ነው። ሳይጠይቅ ኮታ ይዞ የሚመጣ ባለሙያ ድጋፍ ሰጠ አይባልም።

ገንዘቡስ? ለማኅበረሰብ ቅርብ ከሆኑት አንዱ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል የሚሠራው የዓለም የአካባቢ ፋሲሊቲ አነስተኛ ድጎማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ተጀምሮ በኢትዮጵያም ሲሠራ ቆይቷል፤ ለረጅም ጊዜ ጣሪያው 50,000 ዶላር ነበር። የሚሰጠው ለግለሰብ ሳይሆን ለተደራጀ ማኅበር ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። የመንደሩ ጠንካራ ድርጅት ዕድሩ ነው፤ ዕድር ደግሞ የሲቪል ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከማይመለከታቸው አንዱ ነው። የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ግን በአዋጅ ቁጥር 841/2006 ሕጋዊ ሰውነት ሊያገኝ ይችላል፤ መስኖ ባለበት ቀበሌ አንዱ መንገድ ይህ ነው። ከዚያ የባንክ ሒሳብ፣ ፕሮፖዛል፣ የሥራ ዕቅድ፣ የሒሳብ ሪፖርት ይከተላል። ይህን በቀላሉ የሚያሟላው ጽሕፈት ቤትና ሒሳብ ሠራተኛ ያለው የከተማ ድርጅት ነው፤ በጣም የተጎዳው ቀበሌ ከውድድሩ ሳይገባ ይቀራል። ድጎማ ሰጪ ሁሉ ከገንዘቡ በፊት ማመልከቻውን የሚያዘጋጅ ሰው መላክ አለበት የምለው ለዚህ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ባለሙያ ወደ ቀበሌ መውረዱ ደግሞ ከበፊቱም ከብዷል፤ ወንዙን የሚበክል ሁሉ ግን በግጭቱ ምክንያት ሥራውን አላቆመም።

ማንም ሳይመጣ ማኅበረሰቡ ራሱ ሊጀምረው የሚችል ነገር አለ። በብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት አካባቢን የሚጎዳ ሰው ላይ ማንም አቤት ማለት ይችላል፤ «አንተን ምን አገባህ» አይባልም። አቤቱታው ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ አካል ይቀርባል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ስለዚህ አቤቱታው በቃል አይቅር። በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ መዝገብ ቤት ገቢ ሲሆን ቀኑና ማኅተሙ በራሳችሁ ቅጂ ላይም ይረፍ። ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው፤ በኋላ የሚመጣ ጠበቃ ወይም ባለሙያም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ያችን ወረቀት ነው።