ለራሳችን ሲሆን የማንጠይቀው ጥያቄ

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ባለፈው እሑድ የተሰበከው በቢታንያ ጌታን ሽቱ ስለቀባችው ሴት ነበር። ሁላችንም “አሜን” አልን። ስብከቱ አልቆ ለአንዲት የታመመች እኅት ማሳከሚያ ሲለመን ግን ከኋላዬ ሹክሹክታ ሰማሁ። “ገንዘቡን ለሕክምና ማዋሏን በምን እናውቃለን?” ነገሩ እስካሁን ከልቤ አልወጣም።

እስቲ ማርቆስ ምዕራፍ 14ን ክፈቱ። ሴቲቱ የከበረ የናርዶስ ሽቱ የመላበት የአልባስጥሮስ ብልቃጥ ይዛ መጣች። ጠብ ጠብ አድርጋ ቀሪውን ወደ ቤቷ አልመለሰችም። ብልቃጡን ሰበረችው። በዚያ የነበሩ አንዳንዶች ግን “ይህ የሽቱ ጥፋት ለምን ሆነ?” ብለው ተቆጡ። ዋጋውንም ገመቱት፤ ከ300 ዲናር በላይ። አንድ የቀን ሠራተኛ በቀን 1 ዲናር በሚያገኝበት ዘመን የዓመት ልፋት ማለት ነው።

ወንጌላዊው ዮሐንስ ጠያቂውን በስሙ ይጠራዋል፤ ይሁዳ ነው። ለድሆች ተገድዶላቸው እንዳልነበረም ይነግረናል። የገንዘቡ ከረጢት በእጁ ነበር፤ ከውስጡም ይወስድ ነበር። ያ በጌታ ላይ የፈሰሰ ሽቱ ያንገበገበው ሰው፣ ጌታን ራሱን በ30 ብር አሳልፎ ሰጠው። ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ቶሎ አትለፉት።

እኛስ? ለሠርጋችን ስንበደር “ጥፋት” አንልም። ደህናውን ስልክ በአዲስ ስንቀይር ማንም አይጠይቀንም። ለተቸገረ ስጡ ስንባል ግን ሁላችንም ሒሳብ አዋቂ እንሆናለን። መባ ሲሰበሰብ ቦርሳችንን በከፊል ከፍተን አዲሱን ኖት ወደ ኋላ እንገፋለን፤ የተጨማደደውን እንመዛለን። ለድኻ የምንሰጠው ኮት ዚፑ የማይዘጋ፣ ክርኑ ያለቀ ነው። ይሄም ሆኖ ምስጋና እንጠብቃለን። በሚልክያስ ዘመን ዕውርና አንካሳ እንስሳ ለመሥዋዕት ያመጡትን እግዚአብሔር ምን አላቸው? ይህን ለአለቃህ ብታቀርብ ይደሰትብሃልን? አላቸው። ለአለቃችን የማንደፍረውን ለእግዚአብሔር እንዴት ደፈርን?

“እኔ እኮ ለቤተ ክርስቲያን ጌጥ አልሰስትም” የሚል ይኖራል። መልካም። ነገር ግን ዮሐንስ አፈወርቅ፣ የክርስቶስ ማዕድ በወርቅ ጽዋ ተሞልቶ እርሱ በድኻው በኩል ቢራብ ምን ይጠቅማል ብሎ ገሥጿል። ጌታም በዚያው በቢታንያ፣ ድሆች ሁልጊዜ ከእናንተ ጋር ናቸው፣ በወደዳችሁ ጊዜ መልካም ልታደርጉላቸው ትችላላችሁ ብሏል። ወድደን እናውቃለን?

ከእናንተ መካከል ደግሞ ስስት ሳይሆን ፍርሃት እጁን የያዘው አለ። ማጣትን ስለምታውቁት ነው የምትቆጥቡት። እናንተን ልገሥጽ አልደፍርም። ጌታ ስለ ሴቲቱ የተናገረውን ስሙ፤ “የተቻላትን አደረገች።” ከሌላት አልጠየቃትም። የሰራፕታዋ መበለትም የቀራት አንድ እፍኝ ዱቄትና ጥቂት ዘይት ብቻ ነበር። እርሱን ከልጇ ጋር በልታ ልትሞት ነበር። ነቢዩ ኤልያስ “አስቀድመሽ ለእኔ አድርጊ” ከማለቱ በፊት “አትፍሪ” አላት። የጠየቃትም ታናሽ እንጎቻ ነው። እናንተም በዚያችው ልክ ጀምሩ፤ በዚህ ሳምንት፣ ለምታውቁት አንድ ለተቸገረ ሰው።