«ርስት በሺ ዓመቱ ለባለቤቱ» እና የእኛ ቤት ክርክር

ይህን አባባል ዛሬ ኳስ ተመልካች እንኳ ይለዋል። ዋንጫ የራቀው ክለብ ሲያሸንፍ ደጋፊው «ርስት በሺ ዓመቱ ለባለቤቱ!» ብሎ ይጨፍራል። የጠፋ ስልክ ሲገኝም ያው ነው። የሰው ሀብት ስንት ዘመን በሌላ እጅ ቢቆይ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል ለማለት ነው።

እኛ ቤት ግን ክርክር ያስነሳል፤ እውነተኛው ቅርስ የቱ ነው እያልን። እናቴ የመንዝ ሰው ናት፣ የጌራ ምድር። እኔና እህቴ ደብረ ብርሃን ነው ያደግነው።

አባባሉ የበቀለው ከድሮው የርስት ሥርዓት ነው። ርስት መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት የሚወረድ መብት ነበር። በአባትም በእናትም ይቆጠራል፤ ሴት ልጅም ትወርሳለች። አያት ቅድመ አያቱ ጥለውት የሄዱትን መሬት ልጅ ልጃቸው መጥቶ «ድርሻዬን» ሊል ይችላል። ዘመን ስለቆየ መብቱ አይሞትም፤ «ሺ ዓመት» የተባለውም ለዚህ ነው። ታዲያ ዳኛ ፊት ቆሞ አጥንቱን መቁጠር ነበረበት፤ እገሌ እገሌን ወለደ እያለ እስከ አቅኚው ድረስ። ለእኔ ይህ አባባል ማጽናኛ አይመስለኝም። የሙግት ቃል ነው፤ ትንሽ ዛቻም አለበት።

የመንዝ ጓሳን፣ የጋራውን የሣር ምድር፣ ሣር እንኳ ያጭድ የነበረው የአቅኚዎቹ የአስቦና የጌራ ዘር ነኝ ብሎ የቆጠረ ነው። ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሆነ፤ ርስትም አበቃ።

እህቴ የምትይዘው ይህቺን ነው። «እማዬ፣ ርስት እኮ ድሮ ቀርቷል። አሁን ዋናው የይዞታ ደብተር ነው፤ ስምሽ አለበት ወይ?» ትላለች።

እኔ ደግሞ መሬቱም ደብተሩም አይታየኝም። አያቴ ሱፉን ፈትላ ያሠራችው ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ አለ፤ ወፍራም፣ የመንዝን ብርድ የሚችል። ቅርስ ማለት እሱ ነው እላለሁ።

እናቴ በሁለታችንም ትስቃለች። «ባናውን ብል ይበላዋል፣ ደብተሩን አይጥ። ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች አሉ!»

ለእሷ ቅርስ ቆጠራው ነው። ሳስበው እውነት አላት፤ አባባሉ «ለባለቤቱ» ነው የሚለው፤ ባለቤትነቱ ደግሞ የሚታወቀው በቆጠራ ነበር። ለጋብቻም ቢሆን ሰባት ቤት ሳይቆጠር ሽማግሌ አይላክም።

ባለፈው ፋሲካ እህቴን «እስቲ ቁጠሪ» አለቻት። እህቴ በእናቴ በኩል ጀመረች። አራተኛው ላይ ቆመች፤ ጣሪያ ጣሪያውን አየች።

«በይ እንግዲህ» አለች እናቴ ቡናውን እየቀዳች፣ «ከዚያ ወዲያ ያለውን መሬት ለጎረቤት ትተሽለታል።»