ፎርማል ቻርጅ ምንድን ነው?

ፎርማል ቻርጅ በአንድ የሉዊስ ስዕል (የአቶሞችን ቦንዶችና የውጭ ኤሌክትሮኖች በሚያሳይ ስዕል) ውስጥ ያለ አቶም፣ በቦንድ፣ ማለትም አቶሞችን በሚያያይዝ የኤሌክትሮን ጥንድ፣ የተጋራቸውን ኤሌክትሮኖች ከጎረቤቱ ጋር እኩል ቢካፈል የሚደርሰው ቻርጅ ነው። ስሌቱ አጭር ነው፤ ከአቶሙ የቫለንስ (የውጨኛው ቅርፊት) ኤሌክትሮኖች ቁጥር ላይ ለብቻው የያዛቸው ኤሌክትሮኖችና የቦንዶቹ ቁጥር ይቀነሳሉ። የሁሉም አቶሞች ውጤት ሲደመር ከሞለኪውሉ ወይም ከአዮኑ ጠቅላላ ቻርጅ ጋር ካልገጠመ፣ ከቆጠራው አንዱ ተሳስቷል። ብዙ ተማሪዎች ግን ኤሌክትሮኖቹ በቁጥር ልክ ከሆኑና እያንዳንዱ አቶም በዙሪያው ስምንት ኤሌክትሮን ከሞላለት ስዕሉ ያለቀ ይመስላቸዋል፤ እነዚህን መስፈርቶች የሚያሟላ ስዕል ከአንድ በላይ ሊሆን እንደሚችል አያስተውሉም። ከእነዚህ ለመምረጥ የሚረዳው ፎርማል ቻርጅ ነው፤ ቻርጆቹ ለዜሮ የቀረቡበት፣ ነጋቲቩም ኤሌክትሮን በመሳብ በሚበረታው አቶም ላይ ያረፈበት ስዕል ይሻላል።

ለማደንዘዣነት የሚያገለግለውን ናይትረስ ኦክሳይድን እንመልከት። ሁለት ናይትሮጅኖች አምስት አምስት፣ ኦክስጅኑ ስድስት፣ በድምሩ 16 ኤሌክትሮኖች አሉት። ኦክስጅኑን መሀል አድርገን በግራና በቀኝ በድርብ ቦንድ ብናያይዘው ሁሉም ስምንት ይሞላለታል፤ ሲሰላ ግን ናይትሮጅኖቹ −1፣ ኦክስጅኑ +2 ይሆናሉ። ኤሌክትሮን በመሳብ ከናይትሮጅን የሚበረታው ኦክስጅን ይህን ያህል ፖዘቲቭ መሆኑ አሳማኝ ስላልሆነ ስዕሉ ይወድቃል።

ናይትሮጅን መሀል ሲገባ ሦስት አማራጮች ይመጣሉ። ኦክስጅኑ በሦስትዮሽ ቦንድ የተያያዘበት ዳር ባለው ናይትሮጅን ላይ −2 ስለሚያስቀምጥ ወዲያው ይቀራል። የተቀሩት ሁለቱ +1 እና −1 ብቻ አላቸው፤ ልዩነቱ −1 የሚያርፍበት ቦታ ነው። ሁለት ድርብ ቦንድ ያለው በዳር ናይትሮጅን ላይ፣ በናይትሮጅኖቹ መካከል ሦስትዮሽ ቦንድ ያለው ደግሞ በኦክስጅኑ ላይ ያሳርፈዋል፤ ስለዚህ ሁለተኛው ይመረጣል። ሞለኪውሉ የሁለቱ ቅይጥ ቢሆንም፣ በናይትሮጅኖቹ መካከል የተለካው 113 ፒኮሜትር ገደማ ርቀት ከድርብ ይልቅ ለሦስትዮሽ ቦንድ የቀረበ መሆኑ ምርጫውን ይደግፋል።

ይሁንና ዜሮ ቻርጅ ፍለጋ ብቻውን ያሳስታል። በካርቦን ሞኖክሳይድ ድርብ ቦንድ ብንስል ሁለቱም አቶሞች ዜሮ ይሆናሉ፤ ካርቦኑ ግን በስድስት ኤሌክትሮኖች ይቀራል። በፔሪዮዲክ ሠንጠረዥ ሁለተኛው ረድፍ ላሉት ለካርቦን፣ ለናይትሮጅንና ለኦክስጅን ከቻርጅ ይልቅ ስምንቱ ስለሚቀድም፣ በካርቦኑ ላይ −1፣ በኦክስጅኑ ላይ +1 ያለው የሦስትዮሽ ቦንድ ስዕል ይሻላል። ፎርማል ቻርጅ የስሌት እንጂ የሚለካ ቻርጅ ባይሆንም፣ የዚህ ሞለኪውል ትንሽ ነጋቲቭ ጫፍ በመለኪያም በካርቦኑ በኩል ተገኝቷል።