እራትና መስተንግዶ በቤተሰብ መዝናኛ መርከቦች፦ ከድሬዳዋ ለሚሄዱ

ድሬዳዋ ከባሕር በመንገድ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ውጭ አገር ልጅ ወይም ዘመድ ያለው ቤተሰብ ግን ብዙ ነው። ልጆች ወላጆቻቸውን አስመጥተው፣ ከፍሎሪዳ በሚነሳ የመዝናኛ መርከብ ሊጋብዟቸው ያስባሉ። ያኔ "የቱ ይሻላል?" የሚል ጥያቄ ይመጣል። ለእኔ መልሱ ያለው እራት ላይ ነው። ቀን ቀን ልጁ መዋኛ፣ አያት ጥላ ሥር፣ ሁሉም በየፊናው ነው። አንድ ላይ የሚቀመጡት ማታ ነው።

ከመዝናኛ መርከብ ድርጅቶች ዲዝኒ፣ ሮያል ካሪቢያን፣ ካርኒቫልና ኖርዌጂያን በቤተሰብ ዘንድ በጣም ይታወቃሉ። በአራቱም ዋናው ምግብ ቤትና ቡፌው ከቲኬቱ ጋር የተከፈለ ነው። እንደ ስቴክ ቤት ያሉት ልዩ ምግብ ቤቶች ለብቻ ያስከፍላሉ።

የዲዝኒ መርከብ ጉዞ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። እዚያ ቤተሰቡ በየምሽቱ በሦስት ምግብ ቤቶች እየተዘዋወረ ይበላል፤ አስተናጋጆቹም አብረውት ይዘዋወራሉ። በሁለተኛው ምሽት ልጁ የሚወደውን መጠጥ ያውቃሉ፣ ሥጋውን ይቆርጡለታል። ዲዝኒ ማጂክ በተባለው መርከብ ላይ ያለው አንዱ ምግብ ቤት እራት ሲጀመር ጥቁርና ነጭ ነው፤ ምግቡ እየቀጠለ ሲሄድ ግድግዳው ቀለም ይለብሳል። እራት ሁለት ዙር አለው፤ በእኛ ሰዓት የመጀመሪያው 11:45፣ ሁለተኛው 2:15 አካባቢ ነው። ሙቀቱ ሲበርድ ከዚራ ወጣ ብሎ አምሽቶ መብላት ለለመደ የድሬ ቤተሰብ ሁለተኛው ዙር ይመቻል። እንቅልፍ የሚያስቸግረው ሕፃን ካለ ግን ምርጫው የመጀመሪያው ነው። በሁለተኛው ዙር ልጆች ቀድመው ይበላሉ፤ ከዚያ የልጆች ክበብ ሠራተኞች መጥተው ይወስዷቸዋል። ወላጆች ተረጋግተው ይጨርሳሉ። ለስላሳ መጠጥም ከምግብ ጋር ነፃ ነው። ዋጋው ግን ከሌሎቹ ወደድ ይላል።

ኖርዌጂያን የዚህ ተቃራኒ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ቋሚ ሰዓትና ቋሚ ጠረጴዛ የለውም፤ በራበህ ሰዓት ትገባለህ። ነፃነቱ ደስ ይላል፤ አስተናጋጁ ግን በየቀኑ አዲስ ሰው ነው። አዛውንት ይዞ ለሚሄድ ይህን አልመርጥም።

ሮያል ካሪቢያን ሁለቱንም ያቀርባል፤ ቋሚ ሰዓት ወይም እንደፈለጉ። እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ የጀመረው አይኮን ኦፍ ዘ ሲስ የተባለው መርከቡ ሲሞላ 7,600 ያህል ተሳፋሪ ይይዛል። በዚህ መጠን የሚያውቅህ አስተናጋጅ የምትፈልግ ከሆነ ቋሚውን ሰዓት ያዝ። ካርኒቫል ሞቅ ያለ ነው፤ አስተናጋጆቹ በእራት መሐል ይዘፍናሉ፣ ይጨፍራሉ። በርገሩ ነፃ ነው፤ ትኩስ የቸኮሌት ኬኩም ስመ ጥር ነው።

ቲፕ በአራቱም በየቀኑ በነፍስ ወከፍ ይታሰባል። በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ ነው፤ ለልጆችም ይከፈላል። ስድስት ሆኖ ለአንድ ሳምንት የሚሄድ ቤተሰብ ይህን አስቀድሞ ያስላ።

ሐላል የሚበላም ሆነ የሚጾም ሰው ቲኬት ሲቆረጥ ማሳወቅ አለበት። በየምሽቱ ሥጋ የሌለበት ምግብ አይጠፋም፤ ግን ቅቤና አይብ ሊገባበት ይችላል። ስለዚህ "ሥጋ አልበላም" ማለት አይበቃም፤ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ብሎ ዘርዝሮ መንገር ነው። መርከቡ ላይ ደግሞ የመጀመሪያው ምሽት ላይ ለዋናው አስተናጋጅ ይደገምለት፤ የነገውን እራት ዛሬ ማታ ያዝዝልሃል።