ማይክሮኮንትሮለርን በሜክፋይልና በተርሚናል፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላለ ተማሪ

ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ኢንጂነሪንግ የሚማር ልጅ ማይክሮኮንትሮለርን፣ ማለትም አንድ ቺፕ ላይ ያለችውን ትንሽ ኮምፒውተር፣ መጀመሪያ የሚተዋወቀው አብዛኛውን ጊዜ በአርዱዊኖ ቦርድና አብሮት በሚመጣው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙን ይከፍታል፣ ኮዱን ይጽፋል፣ የቀስት ምልክቷን ይጫናል፣ በቃ መብራቷ ብልጭ ድርግም ማለት ትጀምራለች። ጥሩ መነሻ ነው። ግን ቀስቷ ስትጫን ከጀርባ ምን ምን እንደተሠራ አይታይም። ያንኑ ሥራ ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ከፍቶ፣ እያንዳንዱን ደረጃ ሜክፋይል በሚባል የጽሑፍ ፋይል ውስጥ አስፍሮ በራስ እጅ ማሠራት ይቻላል።

እኔ እንደማምነው ወሎ ላለ ተማሪ ከሁሉም የሚመቸው ይሄኛው መንገድ ነው። ያረጀ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ስህተት ሲመጣም የቱ ጋ እንደተበላሸ በግልጽ ይናገራል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለው ኮምቦልቻ ነው፣ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዶ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ የዩኒቨርሲቲው ግቢዎች ተዘርፈዋል፣ ብዙ ንብረትም ወድሟል። በእጅ ያለችውን ማሽን አብቃቅቶ መሥራት እዚህ ትልቅ ችሎታ ነው።

እንግዲህ ከቺፑ እንጀምር። አርዱዊኖ ኡኖ ላይ የተቀመጠው ቺፕ ኤቲሜጋ328ፒ ይባላል። ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት 32 ኪሎ ባይት ፍላሽ ሜሞሪ፣ ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚጠቀምበት 2 ኪሎ ባይት ራም እና መብራት ሲጠፋ የማይጠፋ ዳታ የሚቀመጥበት 1 ኪሎ ባይት ኢኢፕሮም አለው። ቤተሰቡ ኤቪአር ነው። ንድፉን የጀመሩት ትሮንድሄም ኖርዌይ ውስጥ ተማሪ የነበሩ ሁለት ልጆች፣ አልፍ-ኤጊል ቦገንና ቬጋርድ ቮላን ናቸው። አትሜል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1996 ገበያ ላይ አወጣው፣ በ2016 ደግሞ ማይክሮቺፕ አትሜልን ጠቅልሎ ገዛው።

ላፕቶፓችን ውስጥ ያለው ፕሮሰሰርና ይሄ ትንሽ ቺፕ ቋንቋቸው የተለያየ ነው። ስለዚህ ላፕቶፑ ላይ የሚሠራ ግን ለኤቪአር የሚጽፍ ኮምፓይለር፣ ማለትም የጻፍነውን ኮድ ወደ ቺፑ ቋንቋ የሚቀይር ፕሮግራም፣ ያስፈልጋል፤ ኤቪአር-ጂሲሲ ይባላል። ለእሱ ስንነግረው የግድ የምንጠቅስለት ነገር አለ፦ የቺፑን ስም፣ ኮዱን በተቻለ መጠን አሳንስልኝ የሚለውን ምርጫ፣ እና ቺፑ በስንት ሄርዝ እንደሚሠራ። የመጨረሻው ብዙ ሰው ያሳስታል። ቺፑ በ8 ሜጋ ሄርዝ እየሠራ ኮምፓይለሩን 16 ሜጋ ሄርዝ ነው ካልነው፣ አንድ ሰከንድ ጠብቅ ያልነው ሁለት ሰከንድ ይሆናል፣ ቺፑ የሚልከውን ጽሑፍ የሚያሳየው ሲሪያል ሞኒተርም ላይ የማይነበብ ዝባዝንኬ ይወጣል። ኮምፓይለሩ ከእያንዳንዱ የሲ ፋይል ኦብጀክት የሚባል ፋይል ያወጣል፣ ቀጥሎ ሊንከሩ እነዚህን ክፍሎች አገጣጥሞ ኤልፍ የሚባል ፋይል ያወጣል። ከኤልፉ ውስጥ ኦብጅኮፒ የተባለ መሣሪያ ለቺፑ የሚገባውን ብቻ ለይቶ ሄክስ ፋይል ይሠራል። ኤቪአር-ሳይዝ ደግሞ ከፍላሹና ከራሙ ምን ያህል እንደተወሰደ ይነግረናል።

ይህችን የመጨረሻዋን ልማድ አድርጓት። የአርዱዊኖው ብልጭ ድርግም ፕሮግራም ኡኖ ላይ ከ900 ባይት በላይ ፍላሽ ይወስዳል። ያንኑ በቀጥታ በሲ ቋንቋ፣ መብራቷ የተያያዘችበትን የቺፑን መውጫ (ቢ የሚባለውን ፖርት 5ኛ ቢት) በማብራትና በማጥፋት ብትጽፉት ከ200 ባይት በታች ይሆናል። 2 ኪሎ ባይት ራም ብቻ ያለው ቺፕ ላይ ስክሪን፣ ሴንሰርና የስልክ ሞጁል ላገጣጠመ የመመረቂያ ፕሮጀክት ደግሞ ከራሙ ምን ያህል እንደተወሰደ ማወቅ ቀልድ አይደለም። ራም ሲሞላ ፕሮግራሙ ያለምንም ማስጠንቀቂያ ያብዳል። ተማሪው ግን ጥፋቱ የሽቦ እየመሰለው ብሬድቦርዱን (ሽቦዎቹ የሚሰኩበትን ሰሌዳ) ሲያፈርስና ሲገጥም ያመሻል።

አሁን እነዚህን ትእዛዞች ሁልጊዜ በእጅ መጻፍ አድካሚ ነው። ሜክ የመጣው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ስቱዋርት ፌልድማን ቤል ላብስ ውስጥ ሠራው፣ እስካሁንም ብዙ ፕሮግራመሮች ይጠቀሙበታል። አሠራሩ ቀላል ነው። በመጀመሪያው መስመር የሚፈለገው ፋይል ስም፣ ሁለት ነጥብ (:)፣ ከዚያ እሱ የተሠራባቸው ፋይሎች ይጻፋሉ። በሚቀጥለው መስመር በታብ ተጀምሮ ትእዛዙ ይጻፋል። ታብ ያልኩት ታብ ነው። በስፔስ ከተጀመረ ሜክ ሚሲንግ ሴፓሬተር ብሎ ይቆማል፣ በዓይን ሲታይ ደግሞ ሁለቱ አንድ ናቸው። አንዳንድ የጽሑፍ ኤዲተር ታቡን በራሱ ወደ ስፔስ ስለሚቀይር መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። ፌልድማን ራሱ ይህን ነገር በኋላ ሊቀይረው ይችል ነበር፣ ግን ቀድመው መጠቀም የጀመሩ ጥቂት ሰዎች ስለነበሩ ሊያስቸግራቸው አልፈለገም።

ሜክ የቱ ፋይል እንደገና መሠራት እንዳለበት የሚያውቀው ሰዓት አይቶ ነው። የሲ ፋይሉ ከኦብጀክት ፋይሉ በኋላ የተነካ ከሆነ እንደገና ይሠራዋል፣ ካልሆነ ያልፈዋል። እዚህ ላይ አሮጌ ላፕቶፕ ያላችሁ ጠንቀቅ በሉ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ከሞተች፣ ዋናው ባትሪም ኃይል የማይዝ ከሆነ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ያኔ ኮዱን ታስተካክላላችሁ፣ ሴቭ ታደርጋላችሁ፣ ሜክ ግን አዲሱን ፋይል በጣም የቆየ አድርጎ ስለሚያየው ምንም የሚሠራ የለም ይላል። ቦርዱ ላይ የሚጫነው የትናንቱ ፕሮግራም ይሆናል። አንዳንዴ ክሎክ ስኪው የሚል ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፣ እሱን ካያችሁ አትለፉት። መጀመሪያ ሰዓቱን አስተካክሉ፣ ከዚያ ሜክ ክሊን ብላችሁ (ሜክፋይሉ ውስጥ የሚጻፍ፣ የተሠሩትን ፋይሎች የሚያጠፋ ትእዛዝ ነው) ሁሉንም እንደ አዲስ አሠሩ። ባትሪዋንም ቀይሯት፣ ዋጋዋ ትንሽ ነው።

ሄክስ ፋይሉን ቺፑ ላይ የሚጭነው ኤቪአርዱድ ነው፣ ብራያን ዲን የጀመረው ነፃ ፕሮግራም። የቺፑን ስም፣ የመጫኛውን ዓይነት፣ ቦርዱ ላፕቶፑ ላይ የሚታይበትን ፖርትና ፍጥነቱን ይጠይቃል። ኡኖ ላይ ፍጥነቱ 115200 ነው። ናኖ በሚባለው አነስተኛ የአርዱዊኖ ቦርድ ላይ ግን የድሮው ቡትሎደር (ቺፑ ውስጥ ሆኖ አዲስ ፕሮግራም የሚቀበለው ትንሽ ፕሮግራም) ካለ 57600 ይሆናል፣ ናኖ ያላችሁ ኖት ኢን ሲንክ የሚል መልእክት ሲደጋገምባችሁ መጀመሪያ ይህን ሞክሩ።

ፖርቱ ጭራሽ ካልታየስ? መጀመሪያ ኬብሉን ጠርጥሩ። ከስልክ ቻርጀር ጋር የሚሸጡ ብዙ ኬብሎች የኃይል ሽቦ ብቻ ነው ያላቸው፣ የዳታ ሽቦ የላቸውም። የቦርዱ መብራት ስለሚበራ ሁሉም ደህና ይመስላል። ኬብሉ ደህና ከሆነ የሊኑክስ ተጠቃሚ ፈቃድ ይጣራ፣ ዳያልአውት የሚባለው ግሩፕ ውስጥ ስማችሁ መግባት አለበት፣ ከገባ በኋላም ወጥቶ እንደገና መግባት የግድ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ኡቡንቱ 22.04 ለሚባለው የሊኑክስ ስሪት ተጠቃሚዎች ነው። እጃችን ላይ ያሉት ርካሽ ቦርዶች አብዛኞቹ ሲኤች340 የሚባል የዩኤስቢ ቺፕ አላቸው፣ እዚህ የኡቡንቱ ስሪት ላይ ደግሞ ብሬል ለሚያነቡ ዓይነ ስውራን የተዘጋጀው ቢአርኤልቲቲዋይ የሚባል ፕሮግራም ቺፑን የብሬል መሣሪያ ነው ብሎ ይይዘዋል። ፖርቱ ብቅ ብሎ ወዲያው ይጠፋል። በማሽኑ ላይ ብሬል የሚጠቀም ሰው ከሌለ ፕሮግራሙን ማንሳት ይበቃል።

ከኤቪአርዱድ ጋር አንድ የምፈራላችሁ ነገር አለ፣ ፊውዝ። ፊውዝ የሚባሉት ቺፑ ሥራውን የሚመራበትን ምት (ክሎክ ወይም ሰዓት) ከየት እንደሚወስድና እንዴት እንደሚነሳ የሚወስኑ ቅንብሮች ናቸው። በቡትሎደር በኩል ስትጭኑ አይነኩም። ዩኤስቢኤስፒን የመሰለ የውጭ ፕሮግራመር ስትጠቀሙ ግን በአንድ የተሳሳተ ቁጥር ቺፑ የሌለ ክሪስታል (ይህን ምት የሚሰጥ ትንሽ ዕቃ) እየጠበቀ ዝም ሊል ይችላል። አልሞተም፣ ከውጭ ሰዓት ከተሰጠው ይነሳል፣ ግን ለጀማሪ ከባድ ነው። አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ ምትክ ቺፕ ከመርካቶ ገዝቶ በአውቶቡስ የሚልክ ሰው እስኪገኝ ፕሮጀክቱ ይቆማል። ስለዚህ ፊውዝ ከመጻፋችሁ በፊት ያለውን አንብባችሁ በወረቀት መዝግቡ።

ሌሎቹ ቺፖችም መንገዳቸው ተመሳሳይ ነው። ብሉ ፒል የሚባለው የኤስቲኤም32 ቦርድ 72 ሜጋ ሄርዝና 20 ኪሎ ባይት ራም አለው፤ ኮምፓይለሩ የአርም ጂሲሲ ነው፣ መጫኛው ኤስቲ-ፍላሽ ወይም ኦፕንኦሲዲ። ለኢኤስፒ ቺፖች ኢኤስፒቱል አለ። ሜክፋይሉ ውስጥ የሚለወጡት ስሞቹና ምርጫዎቹ ናቸው።

መሣሪያዎቹን ለማግኘት ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን ላይ ኤቪአር-ጂሲሲ፣ ቢንዩቲልሱ (ሊንከሩ፣ ኦብጅኮፒና ሳይዝ ያሉበት)፣ ኤቪአር-ሊብሲ (የሲ ላይብረሪው)፣ ኤቪአርዱድና ሜክ ይበቃሉ፣ ሁሉም ተደምረው ከአዲሱ የአርዱዊኖ ፕሮግራም በእጅጉ ያንሳሉ። ዳታ ለመቆጠብ አንድ ልጅ ያውርድና ለሌላው በፍላሽ ዲስክ ይስጥ። ለዚህ ኤፒቲ የሚለውን ሳይሆን ኤፒቲ-ጌት የሚለውን ትእዛዝ ተጠቀሙ፣ የመጀመሪያው ከጫነ በኋላ ያወረደውን ፋይል ይሰርዘዋል፣ ሁለተኛው ግን ካሽ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጠዋል። የዴብ ፋይሎቹን (የመጫኛ ፋይሎቹን) ከዚያ ኮፒ አድርጉ። የሚቀበለው ላፕቶፕ የኡቡንቱ ቁጥሩ ከሰጪው ጋር አንድ መሆን አለበት፣ አንዱ 32 ቢት ሌላው 64 ቢት ከሆነም አይጫንም።