የሕንድ የአየር ብክለት፦ የዴልሂ ጭስ ከየት ይመጣል?

በየዓመቱ ጥቅምት ሲጋመስ የሰሜን ሕንድ ሰማይ መደፈን ይጀምራል። ኅዳር ላይ ይብስበታል። ዴልሂ ውስጥ ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ትምህርት ቤቶች ይዘጋሉ። ብዙ ሰው ጉዳዩን የዴልሂ ብቻ አድርጎ ያየዋል፤ ግን ከፑንጃብ እስከ ቤንጋል ያለው ሜዳ በሙሉ ያንኑ ጭስ ነው የሚተነፍሰው።

መልክዓ ምድሩም አያግዝም። በሰሜን ሂማላያ መንገዱን ዘግቶ ቆሟል። በብርዱ ወራት ደግሞ ነፋሱ ይደክማል፣ ሞቅ ያለ አየር ከላይ ይተኛና ቀዝቃዛውን ከነጭሱ መሬት ላይ ያፍነዋል።

ዜናው ላይ ሁሌም ተወቃሹ ገበሬ ነው። እውነት ነው፣ በፑንጃብና በሃርያና ግዛቶች የሩዝ አገዳ ይቃጠላል። ግን ለምን? ኮምባይነር ሩዙን ሲያጭድ ፍሬውን ይወስድና አገዳውን እዚያው ማሳው ላይ ይተወዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ሁለቱ ግዛቶች የከርሰ ምድር ውሃ እያለቀ ስለሆነ ሰኔ ሳይገባ ሩዝ እንዳይተከል በሕግ ከለከሉ። ውሃው እንዲተርፍ ታስቦ ነው፤ አጨዳው ግን ወደ ኋላ ተገፋና ነፋስ ከሚጠፋበት ወቅት ጋር ገጠመ። ስንዴ ለመዝራት የሚቀረው ሁለት ሦስት ሳምንት ነው። አገዳውን ሳያነሱ በላዩ ላይ ስንዴ የሚዘራ ማሽን አለ፣ ለትንሽ ገበሬ ግን ዋጋው አይቀመስም። ክብሪት ርካሽ ነው።

ደግሞም ቃጠሎው የጥቂት ሳምንታት ነገር ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ የማሳው እሳት ጠፍቶም አየሩ መጥፎ ነው። እዚህ ጋ ነው ስለ ድንጋይ ከሰል ማውራት ያለብን። ከሕንድ ኤሌክትሪክ ሦስት አራተኛ ያህሉ ከከሰል ይመነጫል፣ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው የሰልፈር ጋዝ ደግሞ አየር ላይ ተለውጦ ደቃቅ ብናኝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2015 ለከሰል ማመንጫዎች ጥብቅ ደንብ ወጣ፣ ቀነ ገደቡ 2017 ነበር፣ ከዚያ በኋላ ደጋግሞ ተራዘመ። ይሄ ከገበሬው ክብሪት ይልቅ ሊያስቆጣን ይገባል። የመኪና ጭስ፣ የጡብ ፋብሪካ፣ የግንባታ አቧራ፣ በየቤቱ የሚነደው እንጨትና ኩበትም አለ።

ፒኤም 2.5 የሚባለው ብናኝ ከፀጉር 30 ጊዜ ያህል ይቀጥናል፤ ሳንባ አልፎ ደም ውስጥ ይገባል። አስም ብቻ አይደለም፣ የልብ ሕመምና ስትሮክም ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ዓመታዊ አማካዩ በሜትር ኪዩብ ከ5 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። የሕንድ የራሷ ገደብ 40 ነው፣ ዴልሂ ያንንም ታልፋለች፣ ያውም በእጥፍ።

ተስፋ የለም ማለት ግን አይደለም። ጠበቃው ኤም ሲ ሜህታ እ.ኤ.አ. በ1985 ባቀረበው አቤቱታ ምክንያት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1998 የዴልሂ አውቶብሶች ከናፍጣ ወደ ተፈጥሮ ጋዝ እንዲቀየሩ አዘዘ፤ በ2002 መጨረሻ ተቀይረው አለቁ። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ አገሪቱ የተሽከርካሪ ጭስ ደረጃዋን ከአራት ወደ ስድስት በአንድ ዝላይ አሳደገች። በዚያው ዓመት በኮሮና ምክንያት ሁሉ ነገር ሲዘጋ፣ የፑንጃቧ ከተማ የጃላንዳር ነዋሪዎች ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቀውን በረዷማ የዳውላዳር ተራራ ከጣሪያቸው ላይ ሆነው አዩት።

እ.ኤ.አ. በ2019 የተጀመረው ብሔራዊ የንጹህ አየር ፕሮግራም በከተሞች ብክለቱን ከ20 እስከ 30 በመቶ እቀንሳለሁ ብሎ ተነሳ፣ በኋላም ግቡን ወደ 40 አሳደገ። ችግሩ፣ አብዛኛው ገንዘብ የወጣው ለመንገድ አቧራ ነው። መንገድ መጥረግና ውሃ መርጨት ከሰል ማቃጠያውን አይነካውም።