ሲጋር ሲቀመጥ፦ የሙቀትና የእርጥበት ሚዛን

ሲጋር ተጠቅልሎ ካለቀም በኋላ ከአየር ጋር መቀባበሉን አያቆምም። ቅጠሉ አየሩ ሲረጥብ ውሃ ይስባል፣ ሲደርቅ ይለቃል። በጣም የደረቀ ሲጋር ልባሱ (የውጭው ቅጠል) ይሰነጠቃል፣ ቶሎ ይነዳል፣ ጭሱም ምላስ ይፈጃል። የራሰው ደግሞ ሲስቡት እሺ አይልም፤ በአንድ ጎኑ ብቻ ይነዳል፣ ወይም እየጠፋ ያሰለቻል።

ማስቀመጫ ሳጥኑ ሂውሚዶር ይባላል። ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ የሚለበጠው የስፔን ሴዳር በሚባል፣ ከማሆጋኒ ጋር በሚዛመድ የላቲን አሜሪካ እንጨት ነው። እንጨቱም እንደ ቅጠሉ እርጥበት ስለሚስብና ስለሚለቅ ለውጡን ያለዝበዋል።

የድሮው ደንብ «70 በ70» ነው። 70 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት (አየሩ በዚያ ሙቀት መያዝ ከሚችለው ተን የያዘው ድርሻ)፣ 70 ዲግሪ ፋራናይት ሙቀት፤ በሴንቲግሬድ 21 ገደማ መሆኑ ነው። ለማስታወስ ይመቻል እንጂ የተቀደሰ ቁጥር አይደለም። ዛሬ ብዙዎች ወደ 65 በመቶ ዝቅ ያደርጉታል፣ በተለይ ለኩባ ሲጋር። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ፤ የአነዳዱ ልዩነት በግልጽ ይታያል።

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ሁለቱን ቁጥሮች ለማቻቻል ሲሞከር ነው። ሞቃት አየር ብዙ የውሃ ተን ይይዛል። በ21 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር 18 ግራም ያህል መያዝ ሲችል፣ በ16 ዲግሪ 14 እንኳ አይሞላም። ስለዚህ 70 በመቶ የነበረው አየር ብቻውን ተዘግቶ ወደ 16 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ከ90 በመቶ ያልፋል። ከዚህ ተነስተው «ሲሞቅ እርጥበቱን ቀንስ፣ ሲቀዘቅዝ ጨምር» የሚሉ አሉ። ስሌቱ ልክ ነው፤ ምክሩ ግን አያስኬድም። ትምባሆ የሚከተለው በአየሩ ውስጥ ያለውን የተን ግራም ሳይሆን አንጻራዊውን እርጥበት ነው። በ65 በመቶ የተቀመጠ ቅጠል በ18 ዲግሪም ሆነ በ24 የሚይዘው ውሃ ተቀራራቢ ነው፤ በሙቀቱ ጥቂት ይቀንሳል እንጂ።

በዚያ ላይ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ውሃ በአብዛኛው አየሩ ውስጥ አይደለም። 30 ሊትር በሚይዝ ሳጥን፣ በ21 ዲግሪና በ70 በመቶ፣ አየሩ የያዘው ተን ግማሽ ግራም አይሞላም። አንድ ወፍራም ሲጋር ብቻውን ከዚያ በላይ ውሃ አለው። ሞልቶ በደንብ የተዘጋ ሳጥን የሚረጋጋው፣ ባዶነት የሚበዛበት የሚዋዥቀው ለዚህ ነው።

ታዲያ ሙቀቱ ለምን ያሳስባል? ዋናው ምክንያት የትምባሆ ጢንዚዛ ነው። በዓይን ለማየት የሚያስቸግረው እንቁላሉ ከቅጠሉ ጋር ሊመጣ ይችላል። ሙቀቱ 24 ዲግሪን አልፎ ሲቆይ የመፈልፈል ዕድሉ ይጨምራል፤ ትሉም ሲጋሩን እየበሳ ይበላዋል። ከ18 በታች እንቅስቃሴው እጅግ ይዳከማል። የጠረጠረ ሰው ሲጋሩን በፌስታል አሽጎ −20 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ለጥቂት ቀናት ያቆየዋል፣ ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ቀን ያሳድረዋል፣ በመጨረሻ ያወጣዋል። ደረጃውን ከዘለለ ልባሱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሌላው አደጋ ሳጥኑን ፀሐይ ወይም ማሞቂያ አጠገብ ማኖር ነው፤ አንዱ ጎን ሲግል እርጥበቱ ወደ ቀዝቃዛው ጎን ሄዶ ሻጋታ ይጠራል።

ሳጥኑ ውስጥ የሚቀመጠውን የእርጥበት መለኪያ ሳይፈትኑ ማመን አይገባም። በጠርሙስ ክዳን የገበታ ጨው አድርጎ፣ ሳይሟሟ እስኪላቁጥ ጥቂት ውሃ ጠብ ማድረግ፣ ከመለኪያው ጋር በፌስታል አሽጎ ማሳደር። በማግስቱ 75 በመቶ ማሳየት አለበት። 71 ካለ አራት እየደመሩ ማንበብ ነው።

በአሜሪካ የብርድ ወራት የቤት ማሞቂያ አየሩን ክፉኛ ያደርቀዋል። በእንጨት ሳጥን ውስጥ ስፖንጅ የሚያርሱ ሰዎች ያኔ ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ ሲጨምሩ ይከርማሉ። እንደ ቦቬዳ ያሉት የእርጥበት ማስተካከያ ፓኬቶች ግን እርጥበት ሲጎድል ይሰጣሉ፣ ሲበዛ ይወስዳሉ፤ 65 ወይም 69 ብሎ መርጦ መግዛት ነው። ለ30 ፍሬ ሲጋር ደግሞ ውድ ሳጥን አያስፈልግም። ክዳኑ ጎማ ያለው የፕላስቲክ ዕቃና ሁለት ፓኬት ይበቃል።